ከደጃዝማቹ ትከሻ በላይ

የያዙኝ ጠዋት ነው፤ ተማሪዎች ግቢው ውስጥ እንደተሰለፉ። ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ከጥበቃው አጠገብ ቆመው ባንዲራው እስኪወጣ፣ መዝሙሩም እስኪያልቅ ጠበቁ። ሲያልቅ አንደኛው ቀረብ ብሎ «መምህር፣ ለአምስት ደቂቃ ይፈለጋሉ» አለኝ። አነጋገሩ የትሁት ሰው ነበር። የያዝኩትን የስም መጥሪያ አጠገቤ ለቆመችው መምህርት ሰጥቼ ተከተልኳቸው። ተማሪዎቹ ወደየክፍላቸው እየገቡ ስለነበር አንዳንዶቹ «እንዴት አደሩ ቲቸር» ብለውኝ አለፉ።

ለምን እንደፈለጉኝ አላጣሁትም። የካ አባዶ፣ እኛ ከምንኖርበት ብሎክ፣ ሁለት ወጣቶች ተወስደው የት እንዳሉ ጠፍቶ ነበር። «ያሉበት ይነገረን» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ጎረቤቶቼን አስፈረምኩ። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረችና «ሌላ ሰው ይጻፈው» ብላኝ ነበር። ሌላ ሰው አልጻፈውም።

መኪናው ውስጥ አጎንብሼ እንድቀመጥ ስላደረጉኝ መንገዱን አላየሁም። ያወረዱኝ አንድ ትልቅ መጋዘን በር ላይ ነው። ሲሚንቶ ይከማችበት የነበረ ይመስላል፤ ሰው በተራመደ ቁጥር ከወለሉ ግራጫ ብናኝ ይነሳል፣ ጥርስ መሃል ይገባል። መስኮት የሚባለው ጣሪያው ሥር የተከፈተ ቀጭን ሽንቁር ነው። አሥራ አራት ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁሉም ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ወዲያው አውሮፕላን አለፈ፤ በጣም ዝቅ ብሎ ስለነበር ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ጮኸ፤ እኔ ራሴን በእጄ ስይዝ ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ትለምደዋለህ» አለኝ አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው። «ቦሌ ሚካኤል ነው ያለኸው። ጠዋት ጠዋት ቅዳሴው በማጉያ ይሰማል፤ እሱ ነው የነገረን። እነሱ አልነገሩንም።» የክፍሉ ካቦ እሱ ነበር። ውጭ ሳለ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ማን የት እንደሚተኛ፣ ባልዲውን ማን እንደሚደፋ እሱ ይወስናል። ፍራሽ አካፍሎኝ «ይህ ያንተ ቦታ ነው» ብሎ ያሳየኝ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ነበር።

ሽማግሌው ሰባ ያለፋቸው፣ ከሲታ፣ ኮታቸውን ቀን ከሌት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት አላቸው። የታሰሩት በልጃቸው ምክንያት ነው። ሊይዙት ሄደው ሲያጡት እሳቸውን ወሰዱ። እኛ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ልብስ ሰፊ ከመሆናቸው በፊት ግን፣ በወጣትነታቸው፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ሆነው አዳራሽ በር ላይ ቆመዋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ሰው ሁሉ ሲዝል፣ አንዱ «ጋሼ፣ እስቲ የቤተ መንግሥቱን» ይላቸዋል።

«እኛ ግድግዳ ነው የምናየው» ብለው ይጀምራሉ። «ትእዛዙ እንዲያ ነው። ግን ሁሉን እናያለን። አንድ መኮንን ገብቶ እጅ ሲነሳ ንጉሡ ፊት ከነሱት፣ አንዲት ቃል ሳትወጣ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል። ትናንት ሲያቅፉት የነበሩት ዛሬ ከጎኑ ፈቀቅ ይላሉ። አንድ እርምጃ ብቻ። ያቺን አንድ እርምጃ ግን ከበር ሆነህ ታያታለህ።»

ወታደሩም የየራሱ ጌታ እንደነበረው ይነግሩናል። ይሄኛው የዚያ ራስ ሰው ነው፤ ያኛው የዚህ ደጃዝማች። ማን ለማን ጠቀሰ፣ ማን ሲያልፍ ማን ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁሉም ትርጉም ይሰጠዋል። አንድ ፊታውራሪ ነበሩ አሉ፤ የግራ ዓይናቸው በበሽታ የሚርገበገብ። «ሦስት ሰው ነው 'ጠቀሱኝ' ብሎ ሄዶ የሆዱን ሚስጥር የዘረገፈላቸው። ፊታውራሪው ምንም የማያውቁ የዋህ ሰው ነበሩ፤ ሳያስቡት የሁሉን ሰው ጉድ አወቁ።» ያን ቀን ካቦው ሳይቀር እስኪያነባ ሳቀ። አውሮፕላን ሲመጣ ጋሼ ጣታቸውን ያነሳሉ፣ ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ግማሹ ቤተሰባቸው ያሉበትን አያውቅም ነበር። ስንቅ የሚገባላቸው አምስት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ካቦው አንድ ዘዴ ፈጠረ። የሁላችንንም ስምና የቤተሰብ ስልክ በሲጋራ ወረቀት ላይ በእርሳስ እንጽፋለን፤ ወረቀቷ ተጠቅልላ ከሚስቱ ቀይ ፔርሙዝ ሥር፣ ከሚፈታው ክዳን ውስጥ ትገባለች፤ ባዶው ፔርሙዝ ሲመለስ ትወጣለች። ሚስቱ ቤቷ ሆና ለየቤተሰቡ ትደውላለች። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ሰው ቤተሰቡ አገኘው። የእኔንም ባለቤት ያገኘቻት እሷ ናት። እስር ቤቱ በር ላይ ድንገት ጠያቂ በረከተ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ምርመራ ጠሩኝ። ክፍሉ የግቢው በር አጠገብ ያለች ትንሽ ቢሮ ናት። መርማሪው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሹራብ የለበሰ፣ እስክሪብቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት የሚደረድር ሰው ነበር። አልመታኝም፤ አልጮኸብኝም። ሻይ አስመጣልኝ።

«ባለቤትህ ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማለች» አለኝ። «ወንበር እንኳ የለም እዚያ። ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት።»

«አምስት ደቂቃ ላገናኛችሁ እችላለሁ። እዚሁ፣ እዚህ ወንበር ላይ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኛ መያዛቸውን ለማንም ያልነገርንላቸውን ሰዎች ቤተሰባቸው በስም እየጠራ ይመጣል። ስማቸው በምን ወጣ?»

«አላውቅም» አልኩ።

ያልኩት እሱን ብቻ ነው። ግን በመስኮቱ በኩል አግዳሚው ይታይ ነበር። ባዶዎቹ የስንቅ ዕቃዎች ቤተሰብ እስኪረከባቸው ተደርድረውበታል። ሳህኖች፣ ፌስታሎች፣ ቀዩ ፔርሙዝ። ዓይኔ ሄደ። ምናልባት አንድ ሰከንድ አይሞላም። ስመልሰው መርማሪው እኔን አልነበረም የሚያየኝ፤ እሱም አንገቱን አዙሮ አግዳሚውን እያየ ነበር።

«እሺ መምህር፣ ጨርሰናል። ሻይህን ጠጣ» አለኝ።

ባለቤቴን አላገናኘኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ወደ ክፍሌ ስመለስ ለራሴ «ምንም አልተናገርኩም» እያልኩ ነበር። እውነት ነው። ምንም አልተናገርኩም።

ምሳ ሰዓት አልፎ ነው የሰማነው። ፔርሙዙን ፈታተው ወረቀቷን አገኙ። ማን እንደሚረከበው ለማየት ጠበቁ። የካቦውን ሚስት እዚያው በር ላይ ያዟት። የነገረን ስንቅ የሚያቀብለው ጠባቂ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባዶ እጁን አሳየንና ካቦውን «ዛሬ ላንተ የመጣ የለም። ወደ ውስጥ ወስደዋታል» አለው። ካቦው የቆመበት ቁጢጥ አለ። ሦስት ልጆች ቤት ውስጥ አሉት፤ ትንሿ ሁለት ዓመቷ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ተነሳና «ከመሃላችን ሰው አለ» አለ።

ሁሉም አንድ ቦታ አየ። የሚያዩት አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወጣትን ነው፤ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመቱ ቢሆን ነው። ከሁላችን ይልቅ እሱን ነበር ደጋግመው የሚጠሩት። ሲመለስ ደግሞ እንደኛ ገርጥቶ ሳይሆን ብስኩት ብስኩት እየሸተተ ነው።

«ስማ» አለው ካቦው፣ ፊቱ ቆሞ። «በዚህ ሳምንት አራቴ ወጥተሃል። ምን ስትሠራ ነበር?»

«ጄኔሬተራቸው ተበላሽቶ ነው ብያችኋለሁ እኮ። ብሬከሩን ቀየርኩ፣ መስመሩን አየሁ። ብስኩት ሰጡኝ፣ በላሁ። ርቦኝ ነበር።»

«ለጄኔሬተር አራት ቀን?»

«አሮጌ ነው፣ ብሮ። ምን ላድርግ እንግዲህ? አልሠራም ልበል?»

«ሚስቴን ይዘዋታል» አለ ካቦው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሁለት ሰዎች ከካቦው ጎን ተነስተው ቆሙ። ወጣቱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አቆላለፈ። እኔ ከሦስት ክንድ ርቀት ላይ ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ወለሉን አያለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን በደንብ አስታውሳለሁ። ቢመቱት እንኳ አጥብቀው አይመቱትም፣ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ካቦው ድንገት ወደ ጋሼ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ቤተ መንግሥት የኖሩ ሰው ነዎት። ሰው ዓይን ውስጥ ያለውን ያያሉ። ይኸው ቆሟል፤ ይዩትና እሱ ነው፣ አይደለም ይበሉኝ። እርስዎ ካሉኝ እቀበላለሁ።»

አውሮፕላን አለፈ። ጋሼ ጣታቸውን አላነሱም፤ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ያልነገርኳችሁ አንድ አለ» አሉ በኋላ። «ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ ጠርቶ 'ያንተ ዓይን ጥሩ ነው፤ በግብሩ ዕለት ማን ማንን እንደሚያይ ተመልክተህ ትነግረኛለህ' አለኝ። ኮራሁ። ያን ጊዜ መኳንንቱ እርስ በርስ አይተማመኑም። አንድ ደጃዝማች ነበሩ፤ 'ወታደሩን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ነው' ተብለው ዓይን ውስጥ የገቡ። ዕለቱ ደረሰ። ደጃዝማቹ መስኮቱ ፊት ቆሙ። ከማዶ፣ ሁለተኛው በር ላይ፣ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ቆሟል። ንጉሡ በመሃል ሲያልፉ ሁሉም ሰው አጎነበሰ። ልጁ ብቻ ቀና ብሎ ወደ ደጃዝማቹ አየ። አንዴ ቢሆን ይሁን። ሁለቴ አየ። ዓይኑም እንባ አቅርሯል። ሄጄ ተናገርኩ።»

«ከዚያስ?» አለ ካቦው።

«በማግስቱ ልጁ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆመ። 'ጠረፍ ተልኳል' አሉ። ደጃዝማቹም ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደረገ። እኔ ማዕረግ ተጨመረልኝ።»

ጋሼ የኮታቸውን እጅጌ አስተካከሉ።

«ከወር በኋላ ደጅ ጠኚ ከሚቆምበት አጥር ሥር አንዲት እናት ጠሩኝ። ከገጠር የመጡ ናቸው። 'ልጄን አላየህብኝም?' አሉ፤ ስሙን ነገሩኝ። 'ሁለት ዓመት ሙሉ ተለያይተን፣ ሳልልክበት ድንገት መጣሁ። በግብሩ ዕለት ከውጭ ሆኜ በመስኮቱ አየሁት። እሱም አየኝ። ሁለቴ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠፋብኝ' አሉኝ።»

«ደጃዝማቹ የቆሙት መስኮቱ ፊት ነው» አሉ ጋሼ። «ልጁ ከሳቸው ትከሻ በላይ እናቱን ነበር የሚያየው። እኔ ዓይኑን አየሁ፤ ምን እንዳየ ግን አላየሁም።»

«እናትየዋን ምን አሏቸው?» ብሎ የጠየቀው ወጣቱ ነው፤ ከግድግዳው ሳይላቀቅ።

«'አላውቀውም' አልኳቸው።» ጋሼ ወደ ካቦው ቀና አሉ። «ስለዚህ እኔን ማነው ብለህ አትጠይቀኝ፣ ልጄ። እኔ የምናገረውን ተናግሬ ጨርሻለሁ።»

ካቦው አፈጠጠባቸው። ከጎኑ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች እሱ የሚለውን ይጠብቃሉ። እኔ ተነሳሁ። ግድግዳውን መያዜ ትዝ ይለኛል።

«እሱ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ካቦው ያልሰማኝ ይመስል «ምን?» አለ።

«ዛሬ ጠዋት 'ከባለቤትህ ጋር ላገናኝህ' እያለ ጠየቀኝ። አልተናገርኩም። ግን ፔርሙዙን አየሁ። በመስኮት። እሱ ዓይኔን ተከተለ።»

«አየህ?»

«አየሁ። ከዚያም እሱ ሲያይ አየሁት። ስመለስ ልነግርህ ይገባ ነበር። ሚስትህ ፔርሙዙን ሳትረከብ በጠባቂው ልናስነግራት እንችል ነበር። ዝም አልኩ።»

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመብኝ ጊዜ የለም። ካቦው ወደ እኔ መጣ። እጁ ትልቅ ነው፤ ብረት ሲሸከም የኖረ እጅ። ይመታኛል ብዬ መነጽሬን አወለቅኩ። እሱ ግን አጠገቤ ደርሶ ቆመና፣ «ከባለቤትህ ጋር አገናኛችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ቦታው ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ሁለቱም ሰዎች ተቀመጡ። ወጣቱ ቀስ እያለ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ፤ ከዚያ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ማንም አላባበለውም፤ ማንም ደግሞ አልከለከለውም።

ፍራሼን እኔው ራሴ አንስቼ ባልዲው አጠገብ ወሰድኩ። ያን ቦታ ማንም አልሰጠኝም፤ ግን የሚቃወምም አልነበረም። ምሽት ላይ ቆጠራው እንዳለቀ ጋሼ እያነከሱ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ይሄ ልጅ ሲከሰስ ሁሉም ሰው እሱን ያይ ነበር» አሉ። «አንተ መሬት ታይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«መሬት የሚያይ ሰው ምን እንደሚያይ በምን አውቃለሁ? ሆዱን የቆረጠው ሰውም መሬት ያያል» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «ከተናገርክ በኋላ ነው ያወቅሁት» አሉ። ይህንን የተናገሩት እውነት ይሁን ወይም እኔን እንዳያሳፍሩኝ ብለው ይሁን እስካሁን አላውቅም።

የካቦውን ሚስት በሦስተኛው ቀን ለቀቋት። ይህንንም ያወቅነው ስንቅ ሲገባ ነው፤ በፔርሙዝ ፋንታ በፌስታል። ሦስቱን ቀን ካቦው አላናገረኝም፤ ባልዲውን በተራዬ ሳይሆን በየቀኑ ስደፋም ዝም ብሎ ያየኛል። ፌስታሉ የገባ ዕለት ዳቦውን ለአሥራ አምስት ቆረሰው። ሲያድል እኔ ጋ ደረሰ፤ ሳያየኝ ድርሻዬን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠ። «ፍራሽህን መልስ። ሽታው አያስተኛህም» አለኝ። ወጣቱ ኤሌክትሪሻን ፈጠን ብሎ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ።

ጋሼ ከእኔ በፊት ወጡ። ልጃቸው እጁን ሰጥቶ ነው የለቀቋቸው። ጠባቂው ይህንን በሩ ላይ ቆሞ ሲነግራቸው የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ፣ «እሺ» አሉ። ከበሩ ሳይወጡ ግን ተመልሰው ሁላችንንም በየተራ ጨበጡን። መጀመሪያ ወጣቱን ነው የጨበጡት።

እኔ አርባ አንድ ቀን ቆይቼ ያለ ክስ ተፈታሁ። ሴት ልጄ ከተፈታሁ በሦስተኛው ሳምንት ተወለደች። ለባለቤቴ ነገሩን የነገርኳት ብዙ ቆይቼ ነው። የየካ አባዶ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን፤ ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰምታኝ፣ «እኔ እኮ ያን ቀን ፀሐይ ላይ አልቆምኩም። የካቦው ሚስት ጃንጥላ ይዛልኝ ነበር» አለችኝ።

ትምህርት ቤቱ አልመለሰኝም፤ ሌላ ቦታ አስተምራለሁ። ባለፈው ሰኔ ፈተና ስፈትን አንዲት ተማሪ ደጋግማ አንገቷን ስታዞር አየኋት። ጎኗ የተቀመጠችው የክፍሉ አንደኛ ናት። አብሮኝ የሚፈትነው መምህር ወረቀቷን ሊነጥቃት ተነሳ። እጁን ያዝኩትና ሄጄ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«ምን እያየሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ደነገጠች። በጣቷ ከጎረቤቷ ጭንቅላት በላይ መስኮቱን አሳየችኝ። ደመናው ጠቁሯል። «ልብስ አስጥቼ ነው የመጣሁት። ቤት ሰው የለም» አለች።

እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም። «እሺ፣ ሥሪ» ብያት ተነሳሁ።